የመኖሪያ አድራሻ ሲቀየር፦ ከመሸኛ እስከ ፖስታ ሳጥን

ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ወይም በአንድ ከተማ ውስጥ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ መኖሪያ መቀየር የተለመደ ነው። ተከራዮች ኪራይ ሲጨምር፣ ሠራተኞች ሲዛወሩ፣ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ሲወጡ፣ ሙሽሮች ጎጆ ሲቀልሱ አድራሻቸው ይለወጣል። ዕቃ ጭኖ አዲስ ቤት መግባት በአንድ ቀን ያልቃል፤ አድራሻን በመዝገብ ላይ መቀየር ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ቀድሞ የነበረው ቀበሌ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ አዲሱ ሌላ ይጠይቃል፤ ባንኩ፣ ገቢዎች፣ ትምህርት ቤቱና ፖስታ ቤቱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ አላቸው።

በአንዱ መዝገብ የተደረገ ለውጥ በሌላው ላይ በራሱ አይታይም። በዚህ ምክንያት ሰውየው በአዲስ ቤት እየኖረ ወረቀቱ በአሮጌው ቤት ይቀራል። ጉዳቱ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንድ ደብዳቤ ወይም መጥሪያ ሳይደርስ ቀርቶ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ መኖሪያ የቀየረ ሰው የት የት ማሳወቅ እንደሚገባው፣ የሚያጋጥሙት እንቅፋቶች ከምን እንደሚመነጩና ምን ማድረግ እንደሚችል ያብራራል።

ሕጉ ስለ መኖሪያ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ መኖሪያ ለመቀየር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ቀበሌው የሚሠራው ሥራ ነዋሪው መሄዱን ወይም መምጣቱን መዝግቦ ማስረጃ መስጠት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይለያል። የመጀመሪያው መኖሪያ ሲሆን፣ አንድ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው መደበኛ መኖሪያ ሲሆን፣ ሰውየው ለዘለቄታው ለመኖር አስቦ ዋና ሥራውንና ጥቅሙን ያደረገበት ቦታ ነው። ለጥቂት ቀናት በእንግድነት መቆየት መኖሪያ አያሰኝም። ቆይታው ከ3 ወር በላይ የሆነ ወይም እንዲሆን የታሰበ ከሆነ ግን ሕጉ እንደ መኖሪያ ይቆጥረዋል።

ልዩነቱ በተግባር ፋይዳ አለው። ለመኸር አጨዳ ወይም ለቀን ሥራ ለ1 ወር ወደ ሌላ ወረዳ የሄደ አርሶ አደር መኖሪያውን አልቀየረም። ቤተሰቡን ይዞ ከተማ ገብቶ ቤት የተከራየና ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ግን መኖሪያው ተለውጧልና መዝገቡን ማስተካከል ይጠበቅበታል።

መሸኛ፦ የመጀመሪያው በር

የቀበሌ አስተዳደር በከተማም በገጠርም መሠረቱን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ከወጡት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጆች ጋር ተያይዞ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነዋሪነት ማስረጃ ከቀበሌና ከቤት ቁጥር ጋር ተሳስሯል። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌው ነው፤ መታወቂያው ላይ የሚጻፈውም የዚያ ቀበሌ ስምና የቤቱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ነዋሪው ሲለቅ አሮጌውን መታወቂያ መልሶ መሸኛ መውሰድ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መሸኛ ነዋሪው በቀበሌው ተመዝግቦ ይኖር እንደነበርና መልቀቁን ለአዲሱ ቀበሌ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ነው። ቀበሌው መሸኛ ከመስጠቱ በፊት ሰውየው ዕዳ እንደሌለበት ያጣራል። በከተማ የቀበሌ ቤት ኪራይ፣ በገጠር ደግሞ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር ከሚጣሩት መካከል ናቸው። አንዳንድ ቦታ የማዳበሪያ ብድርም ይጠየቃል። የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ፈጥኖ ያልቅለታል።

አዲሱ ቀበሌ በአብዛኛው መሸኛ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና በቀበሌው ክልል ለመኖር ማስረጃ የሚሆን ሰነድ ይጠይቃል። የቤት ባለቤት ለሆነ ሰው ካርታው በቂ ነው። ተከራይ የኪራይ ውል ያቀርባል። ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ጋር የሚኖር ሰው ደግሞ የቤቱ ባለቤት በአካል ቀርቦ ወይም በጽሑፍ በደባልነት እንዲመዘገብ መፍቀድ ይኖርበታል። ቤተሰብ ይዞ የሚዛወር ሰው የባለቤቱና የልጆቹ ስም በመሸኛው ላይ መጠቀሱን ከመውጣቱ በፊት ማየት አለበት። ስማቸው ከተዘለለ ለእያንዳንዳቸው እንደገና ወደ አሮጌው ቀበሌ መመለስ ይመጣል።

እንቅፋቱ ከምን ይመነጫል?

ተገልጋዮችን ከሚያማርሩት ነገሮች አንዱ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የሚፈጠረው አዙሪት ነው። የሚለቁት ቀበሌ መሸኛውን የሚጽፈው ለተወሰነ ቀበሌ ስለሆነ «የት እንደምትገባ አረጋግጠህ ና» ይላል። የሚገቡበት ቀበሌ ደግሞ «መጀመሪያ መሸኛ አምጣ» ይላል። መፍትሔው የሚገቡበትን ቀበሌ ሙሉ ስምና ቁጥር፣ ወረዳውን ወይም ክፍለ ከተማውን በትክክል ጽፎ መያዝ ነው። ስሙ በስህተት የተጻፈ መሸኛ ተቀባይ አያገኝም።

ሁለተኛው የአከራዮች ስጋት ነው። ተከራይ በቤታቸው ቁጥር መታወቂያ ካወጣ የይዞታ ጥያቄ ያነሳብናል ወይም ግብር ይጨመርብናል ብለው የሚፈሩ አከራዮች አሉ። የነዋሪነት ምዝገባ ግን የቤት ባለቤትነት መብት አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ በሚመለከተው አካል እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመንም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። የተመዘገበ ውል ለተከራዩ የነዋሪነት ማስረጃ፣ ለአከራዩም የተከራይነቱ ማረጋገጫ ስለሆነ ሁለቱንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው እንቅፋት ወደ ኋላ ተመልሶ መሸኛ ማምጣት የማይችሉ ሰዎች ጉዳይ ነው። በግጭት ወይም በተፈጥሮ አደጋ የተፈናቀሉ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተቃጠለባቸው ወይም መንገድ የተዘጋባቸው ዜጎች «መሸኛ አምጣ» የሚለው መልስ መውጫ ያሳጣቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በእጁ ያለውን ማንኛውንም ሰነድ ማቅረብ ይችላል። አሮጌ መታወቂያ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድና የጤና መድን መታወቂያ ማንነትን ለማስረዳት ይረዳሉ። ከዚያው አካባቢ የመጡና የሚያውቁት ሰዎች ምስክርነትም በብዙ ቦታ ይጠየቃል።

ደብዳቤ የሚመጣበት ሳጥን

የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ የተገነባው በዋናነት በፖስታ ሳጥን ላይ ነው፤ በብዙ አገሮች እንደሚታየው ደብዳቤ እስከ ቤት ደጃፍ የማድረስ ልማድ አልተስፋፋም። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት የፖስታ አድራሻ የሳጥኑ ቁጥርና ሳጥኑ የሚገኝበት ከተማ ነው።

ይህ አሠራር አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። በዚያው ከተማ ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው የሳጥን ቁጥሩ ስለማይለወጥ የደብዳቤ አድራሻው እንደነበረ ይቀጥላል። ከተማ የለቀቀ ሰው ግን ሳጥኑን ጥሎ ይሄዳል። ደብዳቤውም በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ይከማቻል፤ ለጥቅል ዕቃ የሚቀመጠውን ማስታወቂያም የሚያየው የለም። የሳጥን ኪራይ በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑም ካልተከፈለ ሳጥኑ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

በብዙ የገጠር አካባቢና በትናንሽ ከተሞች ሰዎች የራሳቸው ሳጥን የላቸውም። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሳጥን ይጠቀማሉ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ወይም አካባቢ ሲቀይሩ ደብዳቤያቸውን የሚቀበል ሰው መወከላቸውን ይረሳሉ። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የላኩት ሰነድ፣ የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ ወይም የጡረታ ጉዳይ ደብዳቤ ባለቤቱ በሌለበት ቢሮ ውስጥ የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከተማ የሚለቅ ሰው ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይገባዋል። የመጀመሪያው ሳጥኑን በይፋ መመለስ ወይም ቁልፉን ለሚያምነው ሰው ሰጥቶ ኪራዩ መከፈሉን መከታተል ነው። ሁለተኛው በአዲሱ ከተማ ሳጥን መከራየት ወይም ፈቃድ አግኝቶ የመሥሪያ ቤት ሳጥን መጠቀም ነው። ሦስተኛው ለላኪዎች ሁሉ አዲሱን ቁጥር ከስልክ ቁጥር ጋር ማሳወቅ ነው። በተለይ ከውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር መጻፉ በአድራሻ ስህተት ምክንያት ዕቃው ተመላሽ እንዳይሆን ይረዳል።

ፋይዳ፣ ስልክና ባንክ

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ መታወቂያ በብዙ አገልግሎቶች ላይ ተፈላጊ ሆኗል። ፋይዳ የአንድን ሰው ማንነት በጣት አሻራ፣ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል ያረጋግጣል። ከስም፣ ከትውልድ ቀንና ከፆታ ጋር የመኖሪያ አድራሻም ይመዘገባል። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ሰውየው ቢዛወርም አይለወጥም። አድራሻው ግን አሮጌው ሆኖ እንዳይቀር በምዝገባ ጣቢያ ቀርቦ ማስተካከል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ፋይዳ ማን መሆንን እንጂ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ መሆንን በራሱ አያረጋግጥም። ስለዚህ ፋይዳ ያለው ሰው መሸኛ አያስፈልገኝም ብሎ ቢቀመጥ የነዋሪነት አገልግሎት ሲፈልግ ይቸገራል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ሲመዘገብ ወደ ተሰጠው ስልክ በመሆኑም፣ ሲም ካርድ የቀየረ ሰው የስልክ ቁጥሩን አብሮ ማስተካከል ይኖርበታል።

ባንክም ተመሳሳይ ነው። ሒሳቡ በየትኛውም ቅርንጫፍ ቢንቀሳቀስም በመዝገቡ ላይ ያለው አድራሻና ስልክ የቆየው ከሆነ፣ ስለ ብድር ወይም ስለ ሒሳብ መታገድ የሚላክ ማሳሰቢያ ለባለቤቱ አይደርስም። ብድር ያለበት ወይም ለሌላ ሰው ዋስ የሆነ ሰው ይህን ሳያደርግ አካባቢ መልቀቅ የለበትም።

ግብር ከፋዮችና ነጋዴዎች

የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የተመዘገበ ግብር ከፋይ አድራሻው ሲለወጥ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ግዴታው ለፖስታ አድራሻም ይሠራል። ባለሥልጣኑ የግብር ውሳኔን በሚታወቀው የመጨረሻ አድራሻ ስለሚልክ፣ አድራሻውን ያላሳወቀ ነጋዴ «አልደረሰኝም» ብሎ መከራከር ይከብደዋል። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ስለሆነ፣ የሳጥን ቁጥር አለመቀየር ብቻ ክርክር የማቅረብ መብትን ሊያሳጣ ይችላል። ሱቁን ወደ ሌላ ቀበሌ ያዛወረ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ እንዲሻሻልም መጠየቅ አለበት።

የፍርድ ቤት መጥሪያ

አድራሻ ባለመስተካከሉ ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ ከባዱ በፍርድ ቤት የሚደርሰው ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሽ መጥሪያ ይደርሰዋል። በተለመደው መንገድ ሊገኝ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ በሌላ መንገድ እንዲደርሰው ሊያዝ ይችላል። መጥሪያው በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቤት ላይ ሊለጠፍ ወይም በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ ደርሷል ተብሎ ተከሳሹ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ ፍርድም ሊሰጥበት ይችላል።

የውርስ ክርክር፣ የወሰን ግፊ፣ የብድር ወይም የልጅ ቀለብ ክስ ሰውየው ሳያውቅ እስከ ፍርድ አፈጻጸም የሚደርስበት አጋጣሚ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ መውጫ አስቀምጧል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት አመልክቶ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ ፍርዱ እንዲነሳ መጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሸኛው የተሰጠበት ቀን ሰውየው መጥሪያው ሲለጠፍ በቦታው እንዳልነበረ ለማሳየት ዋጋ አለው። ቅጂውን አስቀርቶ መያዝ የሚመከረውም ለዚህ ጭምር ነው።

አርሶ አደሩ ሲዛወር

መሬት ያለው አርሶ አደር ከቀበሌው ሲለቅ ጥያቄው ከመታወቂያ ይሰፋል። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት በይዞታ ደብተር የተረጋገጠ ነው። ሆኖም የክልሎች የመሬት ሕጎች ባለይዞታው ከአካባቢው ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ወይም መሬቱ ሳይታረስ ሲቀር የሚያስከትለውን ውጤት በየራሳቸው ወስነዋል። መሬቱን አከራይቶ ወይም ለዘመድ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይኖርበታል። በቃል የተሰጠ መሬት ከዓመታት በኋላ «ጥሎት ሄዷል» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። የሚገኝበትን አድራሻና ስልክም ለጽሕፈት ቤቱ ማስመዝገብ ብልህነት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትም ከወረዳ ጋር የተያያዘ ነው። መታወቂያው የሚያገለግለው ከአባሉ ወረዳ ጋር ውል ባላቸው ጤና ተቋማት ነው። በየዓመቱ ከፍሎ በመሐል የተዛወረ ቤተሰብ በአዲሱ ቦታ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት አባልነቱን የሚገልጽ ማስረጃ መጠየቅ፣ በአዲሱ ወረዳም የምዝገባው ወቅት መቼ እንደሆነ ማጣራት ይገባል።

ልጆች፣ ልደትና ምርጫ

ተማሪዎች ከቀድሞ ትምህርት ቤታቸው መልቀቂያና የውጤት ካርድ ይዘው መሄድ አለባቸው። ዝውውሩ ከክፍል ፈተና ወይም ከክልላዊና ከአገር አቀፍ ፈተና ምዝገባ ጋር ከተጋጨ ተማሪው ዓመት ሊያባክን ስለሚችል፣ ቢቻል በሴሚስተር መጨረሻ ማድረጉ ይመረጣል።

በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው ወላጆች በመደበኛነት በሚኖሩበት ቦታ ሲሆን ጊዜውም 90 ቀናት ነው። ልጁ ሊወለድ ሲቃረብ የሚዛወሩ ወላጆች የአዲሱን ቀበሌ ምዝገባ ካላዘገዩ የልደት ምስክር ወረቀቱን በጊዜው ያገኛሉ። በምርጫ ረገድ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። የምርጫ ዘመን ሲቃረብ መኖሪያ የቀየረ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

አገልግሎት ቢከለከል

የመሥሪያ ቤቶች የዜጎች ቻርተር እያንዳንዱ አገልግሎት በምን ያህል ጊዜ፣ በምን ማስረጃና በምን ክፍያ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ተገልጋዩ ቻርተሩን ተመልክቶ የተጠየቀው ሰነድ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይችላል። ክልከላው ተገቢ ካልመሰለው መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ከዚያ ቅሬታውን ለቀበሌው ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ወይም ለከተማው የቅሬታ ሰሚ ክፍል ያቅርብ። እነዚህ ደረጃዎች መፍትሔ ካልሰጡት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ተቋሙ በአስተዳደር በደል ላይ የሚቀርቡ አቤቱታዎችን ያለ ክፍያ ይመረምራል። በቃል የተነገረ ክልከላ ማስረጃ ስለማይሆን ቀኑን፣ የቢሮውን ቁጥርና የተሰጠውን መልስ ጽፎ መያዝ አቤቱታውን ያጠናክራል።

ቅደም ተከተሉ

መኖሪያ የሚቀይር ሰው ከመውጣቱ በፊት ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ፤ የቤተሰቡ ስም ሁሉ የተጻፈበትን መሸኛ ይውሰድ፤ የመልቀቂያ፣ የጤና መድንና የመሬት ሰነዶቹን ያሟላ፤ የእያንዳንዱንም ቅጂ ለራሱ ያስቀር። ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት በአዲሱ ቀበሌ ይመዝገብ። ቀጥሎ ፋይዳውን፣ ባንኩንና የፖስታ ሳጥኑን ያስተካክል። ግብር ከፋይ ከሆነ 30 ቀን ሳያልፍ ለገቢዎች ያሳውቅ። በፍርድ ቤት የተጀመረ ጉዳይ ካለው አዲሱን አድራሻ ለመዝገብ ቤቱ በጽሑፍ ይስጥ።

በመጨረሻም በአሮጌው ሰፈር ለሚቀር አንድ የታመነ ጎረቤት ስልክ ቁጥርን ትቶ መሄድ ወጪ የለውም። በበሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወይም በአሮጌው አድራሻ የመጣ ደብዳቤ ቢኖር ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው፤ ባለጉዳዩም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሊደርስበት ይችላል።